ከገባው ካርቦን ስንቱ ይቀራል?

ሰላም፦ ዛሬ ስለ አንድ ድርሻ ነው የምናወራው። ተክል ከአየር ከወሰደው ካርቦን ስንቱ አካሉ ላይ ይቀራል? ስንቱስ ተመልሶ ይወጣል? በል ዮናስ፣ ከቁጥሩ ጀምር።

ዮናስ፦ እሺ። በየብስ ላይ ያሉ ተክሎች በፎቶሲንተሲስ በዓመት ወደ 120 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይወስዳሉ። ግማሽ ያህሉን ራሳቸው ተንፍሰው ወደ አየር ይመልሱታል። ቅጠል፣ ግንድና ሥር የሚሆነው የቀረው ነው። ይሄ የሚቀረው ድርሻ የካርቦን አጠቃቀም ብቃት ይባላል።

ሰላም፦ ተክል ይተነፍሳል ሲባል የሚገርመው ሰው ብዙ ነው።

ዮናስ፦ ያውም ቀንም ሌሊትም ነው የሚተነፍሰው። ሥሩ ከአፈር ምግብ የሚስበው፣ ያረጀ ፕሮቲን የሚተካው በዚያ ጉልበት ነው። ስለዚህ የተነፈሰው ካርቦን ሁሉ ባክኗል ማለት አይቻልም።

ሰላም፦ ግማሽ የሚለው ነገር ግን ለሁሉም ተክል ይሠራል?

ዮናስ፦ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ዋሪንግና ባልደረቦቹ በደኖች ላይ ሠርተው ድርሻው 0.47 አካባቢ ነው፣ ብዙም አይለዋወጥም አሉ። የካርቦንን ጉዞ በኮምፒውተር ስሌት የሚያስመስል ሞዴል ለሚሠሩ ሰዎች በጣም የተመቸ መልስ ነበር። ተክሉ የወሰደውን ካወቅክ የሚቀረውን በቀላሉ ታሰላለህ። በ2007 እ.ኤ.አ. ግን ዴሉሲያና ባልደረቦቹ የብዙ ደኖችን ልኬት ሰብስበው ሲያዩ ከ0.23 እስከ 0.83 ተለያየባቸው። ደኑ ዕድሜው ሲገፋ ድርሻው ይቀንሳል።

ሰላም፦ ኧረ ይሄማ ሰፊ ልዩነት ነው። ሙቀቱ ሲጨምርስ?

ዮናስ፦ ፎቶሲንተሲስ እስከተወሰነ ሙቀት ይጨምርና ከዚያ ይወርዳል። ትንፋሹ ግን መጨመሩን ይቀጥላል። ደመወዙ ባለበት ቆሞ የቤት ወጪው እንደሚያድግበት ሰው በለው። ደግነቱ ተክሎች ሙቀቱን ይለምዱታል። ሚኒሶታ ውስጥ ዛፎችን በ3.4 ዲግሪ አሙቀው አይተው ነበር። ባይለምዱት ኖሮ የቅጠሎቹ ትንፋሽ በ23 በመቶ ይጨምር ነበር። የጨመረው ግን በ5 በመቶ ብቻ ነው። እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ይሄ ነው።

ሰላም፦ ተስፋው ወደ አፈር ስንወርድ ትንሽ ይወሳሰባል። አፈር በላይኛው አንድ ሜትር ብቻ 1,500 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ይዟል። ከባቢ አየር ውስጥ ያለው ግን 900 ቢሊዮን ቶን አካባቢ ነው። ያንን ሁሉ የሚያስተዳድሩት ደግሞ ባክቴሪያና ፈንገሶች ናቸው።

ዮናስ፦ የእነሱስ ድርሻ ስንት ነው?

ሰላም፦ ከበሉት ካርቦን ለዕድገት የሚያውሉት ቢበዛ 0.6 ቢደርስ ነው። አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል፣ 0.3 አካባቢ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዱ ምክንያት ናይትሮጅን ነው። የእነሱ አካል ለአንድ ናይትሮጅን ስምንት ያህል ካርቦን አለው። የእህል ገለባ ግን ለአንድ ናይትሮጅን እስከ 80 ካርቦን ይዟል። ገለባ ብቻ ስታቀርብላቸው ትርፉን ካርቦን ምን ያድርጉት? ተንፍሰው ያስወጡታል።

ዮናስ፦ ዕድገታቸው ለእኛ ምን ይጠቅመናል? እነሱም ነገ ይሞታሉ እኮ።

ሰላም፦ ቁም ነገሩ መሞታቸው ላይ ነው! የሞተው አካላቸው ከሸክላ ማዕድን ጋር ይጣበቃል። እዚያ ለረጅም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አፈር ውስጥ ካለው ኦርጋኒክ ካርቦን ትልቅ ድርሻ የያዘው ይኸው የረቂቅ ተሕዋስያን ቅሪት ነው። ድሮ የሚታሰበው ለመበስበስ የሚያስቸግረው የተክል ክፍል ሳይበሰብስ እንደሚከማች ነበር። አሁን እይታው ተቀይሯል።

ዮናስ፦ እነሱስ ሙቀት ይለምዳሉ?

ሰላም፦ ማሳቹሴትስ ያለው ሃርቫርድ ደን ውስጥ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፈሩን በተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ 5 ዲግሪ እያሞቁ ይከታተላሉ። የካርቦን መጥፋቱ በአንድ ፍጥነት አልሄደም። አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ጋብ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ደን የወጣው ጥናት ደግሞ የሚበሉት ምግብ ወሳኝ መሆኑን አሳየ። ለመፍጨት አስቸጋሪ በሆነ ምግብ ላይ ሙቀት ሲጨምር ብቃታቸው ይወርዳል። ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በሞቀው አፈር ውስጥ ያሉት ግን ያንኑ አስቸጋሪ ምግብ በሙቀት የተሻለ ተጠቀሙበት።

ዮናስ፦ ጥሩ ዜና ነው አይደል?

ሰላም፦ እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. አሊሰንና ባልደረቦቹ በሞዴል ያሳዩት ይሄን ነው፦ ብቃታቸው ከወረደ ቁጥራቸው ያንሳል፣ ምግባቸውን ለመፍጨት የሚያመነጩት ኤንዛይም ያንሳል፣ አፈሩም ብዙ ካርቦን አያጣም። ከለመዱት ግን ይበዛሉ፣ የአፈሩንም ካርቦን የበለጠ ይበሉታል።

ዮናስ፦ ስለዚህ ብቃት ሲጨምር አፈሩ ይጎዳል ማለት ነው?

ሰላም፦ በ2023 እ.ኤ.አ. ታኦና ባልደረቦቹ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ መረጃ ይዘው ተቃራኒውን አገኙ። ብቃቱ ከፍ ባለበት የአፈር ካርቦንም ብዙ ነው። እኔ የማዘነብለው ወደዚህ ነው። ግን ያ ጥናት በአብዛኛው ዛሬ ያለውን ልዩነት ከቦታ ቦታ ያነጻጸረ ነው። አንድ አፈር በፍጥነት ሲሞቅ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ብቃቱን ቋሚ ቁጥር አድርገው የሚያስገቡ ሞዴሎች የሚያሳስቡኝ።

ዮናስ፦ ድርቅን ረሳነው።

ሰላም፦ አልረሳሁትም፣ እንዲያውም ከሙቀቱ እኩል ያስጨንቀኛል። አፈር ሲደርቅ ሴሎቹ ውኃ እንዳያመልጣቸው የሚረዷቸውን ውህዶች ይሠራሉ፣ ወይ ይተኛሉ። ድንገት ሲዘንብ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጎርፍ ይወጣል። ይህንን በርች የተባለ ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ሲሠራ ገልጾታል፣ ስሙም ተሰጥቶታል።

ዮናስ፦ እሺ፣ ይሄ ብቃት ግን እንዴት ነው የሚለካው? ባክቴሪያ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ሰላም፦ ከባድ ኦክስጅን፣ ማለትም ከተለመደው የሚከብድ የኦክስጅን ዓይነት፣ ያለበት ውኃ አፈሩ ላይ ይጨመራል። የሚያድጉት ሴሎች አዲስ ዲኤንኤ ሲሠሩ ያንን ኦክስጅን ያስገባሉ። ስንቱ እንደገባ ሲታይ ዕድገታቸው ይሰላል፣ ጎን ለጎን ትንፋሻቸው ይለካል። ዘዴው አለ፣ የጎደለው ቦታው ነው። ከሞቃታማው የዓለም ክፍል የሚመጣው ልኬት በጣም ጥቂት ነው። የምርምር ገንዘቡ መጀመሪያ ወደዚያ ቢሄድ ደስ ይለኛል።