ሙቀቱ የት ላይ ታገደ? ስለ ፕሮሰሰር ሙቀትና ስለ አየር ኩለር
(በድሬዳዋ ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎችና ለሙያው ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ደንበኛው ከፕሮሰሰሩ (ከኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ቺፕ) ጋር የመጣውን ትንሽ ኩለር፣ ማለትም ማቀዝቀዣ፣ አስነሥቶ፣ ገንዘብ አውጥቶ ረጅም ባለ ክንፍ የአየር ኩለር ካስገጠመ በኋላ ኮምፒውተሩ አሁንም 95 ዲግሪ ሲያሳየው ወደ እኛ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ በየሱቁ የሚሰጠው ፍርድ «ኩለሩ ኦሪጂናል አይደለም» የሚል ነው። ይህ ፍርድ አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከምርመራው በኋላ የሚሰጥ እንጂ ምርመራውን የሚተካ መሆን የለበትም። የአየር ኩለር ከፋኑ በስተቀር የሚንቀሳቀስ አካል የለውምና መዳቡና አሉሚኒየሙ ያለ ምክንያት ሥራ አያቆሙም። ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ሲሊከን ቺፕ ተነሥቶ በብረት ክዳኑ፣ በፔስቱ (በክዳኑና በኩለሩ መካከል በሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)፣ በኩለሩ መቀመጫ፣ በሂት ፓይፖቹ (ሙቀት ተሸካሚ የመዳብ ቱቦዎች) እና በክንፎቹ በኩል አልፎ ወደ ኬዙ አየር፣ ከዚያም ወደ ክፍሉ ይወጣል። ከእነዚህ በየትኛውም ላይ ቢታገድ ስክሪኑ ላይ የምናየው ቁጥር ያው ነው፤ መድኃኒቱ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ክፍሉ አየር ልናገር፤ ለድሬዳዋ ሰው ከዚህ የሚቀድም የለምና። የኩለር ፍተሻዎች በአብዛኛው የሚካሄዱት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ግን በግንቦትና በሰኔ ከቀትር በኋላ የውጭው አየር 35 ዲግሪን በሚጠጋበት፣ አንዳንድ ቀንም በሚያልፍበት ከተማ ውስጥ እንሠራለን፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሱቅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የአየር ኩለር ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው አይችልም፤ የሚችለው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበብ ብቻ ነው። እንበልና አንድ ኮምፒውተር ሐረር ላይ፣ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ በሙሉ ጫና 72 ዲግሪ ቢያሳይ ልዩነቱ 52 ነው። ያው ኮምፒውተር ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ ላይ፣ 35 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 87 ቢያሳይ፣ ልዩነቱ አሁንም 52 ነውና ምንም አልተበላሸም። ስለዚህ በጥገና ወረቀታችን ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ስንጽፍ ከአጠገቡ የክፍሉን ሙቀት፣ ፕሮሰሰሩ በዚያ ሰዓት የሚወስደውን ዋትና የፋኑን ፍጥነት ካልጻፍን፣ ያ ቁጥር በሌላ ቀን ከሚለካው ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

በዚሁ አጋጣሚ አንዳንዶቻችሁ የምታነሡትን የከፍታ ጉዳይ ልጥቀስ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አስረኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ወደ 1,900 ሜትር በምትጠጋው በሐረር ደግሞ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር በእኩል የፋን ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የጥቂት ዲግሪዎች ጉዳይ ነው፤ የሐረር ቅዝቃዜ ጉድለቱን አካክሶ ይተርፋል፤ እኛም ዘንድ ቢሆን ዋናው ተጠያቂ ከፍታው አይደለም።

ቀጥሎ፣ ቁጥሩ የየትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የቅርብ ዘመን የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች እስከ 100 ዲግሪ ይፈቅዳሉ። የኤኤምዲው ራይዘን 7 5800ኤክስ ገደብ 90፣ የራይዘን 5 5600ኤክስ 95፣ የራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ደግሞ 89 ዲግሪ ነው። ገደቡ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት የኤኤምዲ ራይዘን 7700ኤክስ፣ 7900ኤክስና 7950ኤክስ ግን ለብቻቸው መታየት አለባቸው፤ ከባድ ሥራ ሲሰጣቸው ኃይል እስከፈቀደላቸው ድረስ ፍጥነታቸውን እየጨመሩ ሆን ብለው ወደ 95 ዲግሪ እንዲጠጉ ተደርገው የተሠሩ ናቸውና። በእነዚህ ላይ የተሻለ ኩለር ብንገጥም ዲግሪው ያው ሆኖ ሊቆይና ትርፉ በፕሮሰሰሩ ፍጥነት (በሜጋኸርዝ) ሊታይ ይችላል። ዲግሪውን ብቻ ያየ ደንበኛ «ምንም አልተሻሻለም» ሲል ትክክል ይመስለዋል፤ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ፍጥነት አስተያይቶ ማሳየት የእኛ ፋንታ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ። የመጀመሪያው ምርመራ ካቻቪቴ አይጠይቅም። እንደ ኤችደብሊውኢንፎ ወይም ኮር ቴምፕ ያለ ፕሮግራም ክፈቱ፤ እንደ ሲነቤንች ያለ ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ ፈተና አስጀምሩ፤ ከዚያ የደረሰበትን ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የወጣበትን ፍጥነት ተመልከቱ። በአንድና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከ45 ወደ 95 ከዘለለ፣ ሙቀቱ ከክዳኑ ወደ ኩለሩ በሚገባ እየተሻገረ አይደለም፤ ችግሩ ከንክኪው ነው፣ ወይም ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ዋት ከልክ አልፏል። በአስርና በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ከወጣ ግን ኩለሩ ሙቀቱን ተቀብሎታል፤ የሚያወጣለት አየር ነው ያጣው። ሁለተኛው ምርመራ የኬዙን የጎን ክዳን ከፍቶ ያንኑ ፈተና መድገም ነው። አምስት ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ የአየር ዝውውር ነው። ሦስተኛው፣ ከፋኑ ተጠንቅቆ ሂት ፓይፖቹን በመቀመጫው አጠገብ መንካት ነው፤ ስክሪኑ 95 እያለ መዳቡ ለብ ብቻ ካለ ንክኪውን መጠርጠር ይገባል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እንደ 5800ኤክስ ባሉ ፕሮሰሰሮች ሙቀቱ በአብዛኛው የሚመነጨው 80 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ካላት አንዲት ቺፕ ስለሆነ፣ ንክኪው ደህና ሆኖም ቺፑ ሲግል ክንፎቹ ቀዝቅዘው ሊገኙ ይችላሉ።

ንክኪው ከተጠረጠረ ኩለሩ ይነሣል። ሲነሣም ፕሮሰሰሩን ቀድሞ ጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ማሞቅ፣ ከዚያ አጥፍቶና ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ኩለሩን ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ እያዟዟሩ ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ ኤኤም4 በሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ላይ በኃይል ቢሳብ ፕሮሰሰሩ ከእነ እግሮቹ ተነቅሎ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው በኩለሩ መቀመጫ ላይ የሚመጣው ስስ ፕላስቲክ መነሣቱ ነው። ትስቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህች ፕላስቲክ የብዙ «የተበላሹ» ኩለሮች በሽታ ሆና ትገኛለች። ቀጥሎ የፔስቱ አሻራ ይነበባል፤ በክዳኑ መሐል ስስ ሆኖ ወደ ዳር ከተገፋ ግፊቱ ደህና ነበር፤ በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ከሳሳ ኩለሩ አዘንብሎ ነበር ማለት ነው። የፔስት ሥራ በሁለቱ ብረቶች መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች የሚቀረውን አየር ማስወጣት ነው፤ መዳብ ከቆመ አየር ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ሙቀት ያስተላልፋልና። ስለ ፔስት መጠን የሚደረገውን ረጅም ክርክር ግን እኔ ከልክ ያለፈ አድርጌ አየዋለሁ። መሐል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል በቂ ናት፤ ትንሽ ብትበዛም በደህና ግፊት ወደ ዳር ትወጣለች፤ ማነሷ ከመብዛቷ ይከፋል። ሂት ፓይፖቹ ራሳቸው ክዳኑን በሚነኩባቸው ርካሽ ኩለሮች ላይ በፓይፖቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ፔስት ስለሚውጥ ጥቂት መጨመር ይገባል። አሮጌው ፔስት በአልኮል ተጠርጎ በሚገባ ሳይደርቅ አዲሱ አይቀባም።

ከፔስቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበድለን የብሎኖቹ አስተሳሰር ነው። አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ኩለሩን ያዘነብለዋል፤ ሁሉም በማዕዘን እየተቀያየሩ ጥቂት ጥቂት ዙር መጠበቅ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወጣው የኢንቴል ኤልጂኤ1700 ሶኬት ደግሞ የራሱን ጣጣ አመጣ። በማዘርቦርዱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ከቀደሙት ሶኬቶች 75 ሚሊ ሜትር ወደ 78 ከፍ ብሏል፤ የፕሮሰሰሩም ቁመት ዝቅ ብሏል። የድሮውን ማቀፊያ እየገፉ ያስገቡት ኩለር የተገጠመ ይመስላል እንጂ ክዳኑን በበቂ ኃይል አይጫነውም፤ ለሶኬቱ የተሠራው ማቀፊያ ከሌለ ኩለሩን አለመግጠም ይሻላል።

ንክኪው ደህና ከሆነ ቀሪው የአየር ጉዳይ ነው፤ ይህም በአብዛኛው ቀላል ነው። የፋኑ ክፍት ፊት አየር ይስባል፣ የሞተሩ ድጋፍ ዘንጎች ያሉበት ወገን ይተፋል፤ ስለዚህ የኩለሩ ፋን አየሩን ወደ ኬዙ የኋላ መውጫ መግፋት አለበት። የፋኑ ገመድ ለኬዝ ፋን በተመደበ መሰኪያ ላይ ከተሰካ ፍጥነቱ የፕሮሰሰሩን ሳይሆን የማዘርቦርዱን ሙቀት ሊከተል ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ እየነደደ ፋኑ ዘና ብሎ ሲዞር ያየ ሰው መሰኪያውን ይመልከት። ስለ አቧራ ለእናንተ መንገር አያሻኝም፤ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ በሚነሣበት ወቅት የፊት ማጣሪያዎች በፍጥነት ይደፈናሉ። በብሎወር ስታጸዱ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፤ ከልክ በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል። ያገለገሉ ሆነው ከውጭ በሚገቡ ቀጫጭን የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ 155 ወይም 160 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ኩለር ገጥሞ ክዳኑን ለዘለዓለም ክፍት መተው በዚህ ከተማ አቧራን ቤት መጋበዝ ነው፤ ከመግዛቱ በፊት የኬዙ ስፋት ይለካ።

አንድ የእኛ ልማድም አለ። በቀትር ሱቅ ተዘግቶ ወደ ቤት ሲኬድ ብዙ የቪዲዮ ባለሙያዎች ረጅሙን ሥራ ለኮምፒውተሩ ትተው ይሄዳሉ። ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ በተዘጋ በርና መስኮት ውስጥ ደግሞ ያው የሞቀ አየር ተመልሶ ወደ ኩለሩ ይገባል። ይህን ሥራ ወደ ሌሊት ማዛወር ምንም ወጪ የለውም።

በመጨረሻ ስለ ዋት ልናገር። የኢንቴሉ ኮር አይ9 13900ኬ በከፍተኛ ጫና እስከ 253 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ደግሞ ይህን ገደብ እንኳ ከፋብሪካ አንሥተው ይመጣሉ። የኤኤም4 ባለ 105 ዋት ራይዘን በተግባር እስከ 142 ዋት ይወስዳል። በ35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ሙቀት ከአንድ የአየር ኩለር መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ የኃይል ገደቡን ወደ አምራቹ መጠን መመለስ፣ ካስፈለገም ከዚያ ዝቅ ማድረግ፣ በራይዘን ላይ ደግሞ ኢኮ ሞድ የሚባለውን ኃይል ቆጣቢ አሠራር በማብራት ባለ 105 ዋቱን ከ142 ወደ 88 ዋት ማውረድ ይቻላል። የመጨረሻዎቹ ዋቶች ብዙ ሙቀትና ጥቂት ፍጥነት ነው የሚሰጡት። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሽንፈት አድርገው ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ለድሬዳዋ ደንበኛ አዲስ ኩለር ከመሸጥ በፊት የሚሞከር ሕጋዊ ጥገና ነው እላለሁ። ደንበኛው ግን ተነግሮት፣ ፈቅዶ፣ የተቀየረው ቁጥርም በደረሰኙ ላይ ተጽፎለት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ባዮሱ በታደሰ ቀን ገደቡ ይጠፋና ማንም ምክንያቱን ሳያውቅ ኮምፒውተሩ እንደገና ይግላል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።