ግድግዳውም ይተነፍሳል

(በአርክቴክቶችና በመሐንዲሶች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣

በጨረቃና በማርስ ላይ ስለሚታሰቡት የሰው መኖሪያዎች እንድናገር ስትጋብዙኝ ወዲያው እሺ ያልኩት፣ ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ አንድ ጉዳይ ስላለኝ ነው። እነዚህ ቤቶች በየመድረኩ የሚቀርቡልን በሚያብረቀርቅ የመስታወት ጉልላት ነው፤ ግድግዳው የነዋሪውን ትንፋሽ ምን እንደሚያደርገው ግን የሚጠይቅ የለም።

ሁላችንም ገና በአንደኛ ዓመት የተማርነው ቅስት ክብደትን ወደ መሬት እንደሚያወርድ ነው። ማርስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የውጭው የአየር ግፊት ከምድራችን አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ ቤቱን በባሕር ጠለል ልክ በአየር ብንሞላው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግድግዳ 10 ቶን በሚያህል ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። ጨረር ለመከላከል ሦስት ሜትር ልቅ አፈር ብንከምርበት፣ የማርስ ስበት ከምድር ስበት 38 በመቶ ብቻ በመሆኑ፣ የአፈሩ ክብደት የዚህን ግፊት ሲሶ አይመክትም። የምንፈራው የጣሪያውን መደርመስ ሳይሆን የቤቱን መፈንዳት ነው።

ይህን ስሌት መሐንዲሶቻችን ይወጡታል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት የሆነው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 ስምንት ሰዎች ባዮስፌር 2 በተባለው ከ1 ሄክታር በሚበልጥ የታሸገ ሕንፃ ውስጥ ለሁለት ዓመት ለመኖር ገቡ። እርሻ፣ ትንሽ ደን፣ ባሕር ሳይቀር ነበራቸው። ወራት ባለፉ ቁጥር ግን የኦክስጅኑ መጠን ከ21 በመቶ ገደማ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። በባሌ ከፍታው አየሩን የሚያሳሳውን የሳነቲን አምባ በእግሩ የተጓዘ ሰው የእነዚያን ሰዎች ድካም ይረዳዋል፤ እነርሱ ግን ደክሟቸው የሚወርዱበት ቆላ አልነበራቸውም። ለምለም እንዲሆን ተብሎ በብስባሽ የበለጸገው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ኦክስጅኑን ይበሉ ነበር። የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዕፅዋቱ ወስደው ወደ ኦክስጅን እንዳይመልሱት ደግሞ ኮንክሪቱ እየመጠጠ ወደ ኖራ ድንጋይ ይለውጠው ነበር። በጥር 1993 ከውጭ ኦክስጅን ማስገባት ግድ ሆነ። የሰዎቹን ትንፋሽ የወሰደው የእኛው ኮንክሪት፣ በየቀኑ ያለ ሐሳብ የምናስሞላው ኮንክሪት ነው!

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ውድድር አፈር ውስጥ የሚቀበር፣ የእያንዳንዱ ቁስ ጋዝ የመምጠጥና የማውጣት ጠባይ የተዘረዘረበት ንድፍ አቅርቤ ነበር። ዳኞቹ ስለ አየሩ አንዲት ጥያቄ ሳያነሡ «ምስሉ አይማርክም» ብለው መለሱልኝ። ሽንፈቱን እቀበላለሁ። ሰው የሚታፈንበትን ቤት በሥዕሉ ማማር ብቻ መሸለምን ግን አልቀበልም፤ እናንተም ልትቀበሉት አይገባም! ሙያችን የሰው ሕይወት አደራ ያለበት ሙያ ነው።

በአሜሪካዋ ሂውስተን ከሰኔ 2023 ጀምሮ አራት ሰዎች የማርስን ኑሮ ለመለማመድ በ3ዲ ማተሚያ ማሽን በታነጸ 158 ካሬ ሜትር ቤት ውስጥ 378 ቀን ቆይተዋል። ስለ ብቸኝነትና ስለ ጠባብ ቦታ ብዙ የሚያስተምር ሙከራ ነው። ስለ ውኃና ስለ ምግብ ሌሎች ተናጋሪዎች ስላሉ እኔ አልገባበትም፤ የእኔ ጉዳይ አየሩ ነው።

የማስተማር ኃላፊነት ያለባችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ በሚመጣው ዓመት ለተማሪዎቻችሁ የማርስን ቤት ንድፍ ስትሰጡ፣ ከመጀመሪያው መስመር በፊት የአየሩን ሒሳብ ከባዮሎጂ ክፍል ተማሪዎች ጋር ተቀምጠው እንዲሠሩ አድርጉ።

አመሰግናለሁ።