ወሬ አንሽጥ

(ደሴ ላይ በተደረገ የቤት አሻሻጮች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራውን ገና የጀመራችሁ ወጣቶች፤ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሰብሳቢያችን «ስለ ገበያው ተናገር» ብለውኛል። ገበያውንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገዥ ጠፍቷል፤ የተገኘውም ቀብድ በሚያስይዝበት ሰዓት ስልኩን ያጠፋል። ሻጭ ማታ የነገረንን ዋጋ ጠዋት ይክደዋል። እሱን ብደግምላችሁ ሰዓታችሁን መብላት ነው። ይልቅ ስለ ራሳችን ላውራ። አገር ባልተረጋጋበት ጊዜ ደላላ ምን ሊሠራ ይገባዋል? ምንስ ሊቀርበት ይገባል?

ሕዝቡ ስለ እኛ የሚለውን እንሰማለን። «ቤት የተወደደው በደላላ ነው» ይላል። ግማሹ ሐሰት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሲሞላው ከእጥፍ አልፏል። ብረቱም፣ ሴራሚኩም፣ የመብራት ገመዱም ዶላርን ተከትሎ ወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2015፣ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ብሔራዊ ባንክ ገደብ አድርጎ ነበር። በባንክ ብድር ቤት የሚገዛ አስተማሪ ወይም ነርስ ድሮም በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከገደቡ በኋላ እሱም ቀረ። እዚህ ውስጥ የእኛ እጅ የለበትም።

ግማሹ ግን እውነት ነው፤ እዚህ በራችንን ዘግተን ስለተቀመጥን እንነጋገረው። ባለቤቱ የጠየቀውን ዋጋ ከገዥ ደብቆ፣ ከላይ ቆልሎ፣ ልዩነቱን የሚበላ በመካከላችን አለ። ከዚህም የባሰው ወሬ የሚሸጠው ነው። «ይሄ ሰፈር የኮሪደር ልማት መንገድ ሊነካው ነው፣ ቶሎ ካልሸጣችሁ ካሳም አታገኙ» ይላል ለሻጩ። ዞር ብሎ ለገዥው ደግሞ «ኮሪደሩ በፊት ለፊቱ ነው የሚያልፈው፣ በዓመቱ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው» ይላል። አንዱን መንገድ ለአንዱ መርዶ፣ ለሌላው ምሥራች አድርጎ በአንድ ከሰዓት ሁለት ቦታ ይሸጠዋል። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለው ነበር፤ እኛ መላውን ትተን ዋጋ እንጨምርበታለን።

የኮምቦልቻ ሰዎች የባቡሩን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ሥራው ሲጀመር፣ ጣቢያው አጠገብ ነው ተብሎ ያልተሸጠ ቦታ ነበር? ሀዲዱ ተዘርግቶ፣ ባቡሩ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ፤ በጣቢያ ስም የተገዛው ግን ተገዝቶ ቀረ። የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ሲመረቅ፣ ለሠራተኛ አከራያለሁ ብሎ በግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት በሰልፍ የደረደረው ብዙ ነው። ያ እንኳ ወሬ አልነበረም፤ ፋብሪካው ቆሞ የሚታይ ነገር ነው። ታዲያ ጦርነቱ ደረሰ፤ ወዲያው ከፈረንጆቹ 2022 መግቢያ ጀምሮ አሜሪካ አገራችንን አጎዋ ከሚባለው የንግድ ዕድሏ አወጣች፤ ለእሷ ገበያ ይሰፋ የነበረው ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ቀረ። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት ኮምቦልቻ ያለችን አንዲት ክፍል ባዶ ያደርጋታል። ይህን ማንም ደላላ ቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ «አትጠራጠር፣ ይከራያል» የምትል ቃል ከአፋችን መውጣት የለባትም። «እስከ ዛሬ በዚህን ያህል ይከራይ ነበር፤ የነገውን አላህ ያውቃል» ማለት በቂ ነው። ደንበኛውም ሕፃን አይደለም፣ ይገባዋል።

አሁን ዋናውን ላንሣ። ጦርነቱ ወደ ደሴ የተጠጋበትን ጥቅምት 2014ን አስታውሱ። ከቆቦና ከወልዲያ የተፈናቀለው ሰው የከተማችንን ትምህርት ቤቶች ሞልቷቸው ነበር። አንዱ መጣ ይላል፣ አንዱ ተመለሰ ይላል። ያን ሰሞን ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ቤቱን «በተገኘው» ልሽጥ የማይል ሰው አልነበረም ብል ብዙም አላጋነንኩም። አንዲት እናት ካርታቸውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው መጡ። ቤታቸው አራዳ ነው፤ ነባር ይዞታ፣ ፊቱ ሁለት ሱቅ አለው። «ልጄ፣ ያገኘኸውን አምጣልኝና ልጆቹን ይዤ አዲስ አበባ ልግባ» አሉኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት ሌላ ሰው ደወለ፤ ጥሬ ብር ይዟል፣ «ሰው እየወጣ ነው አሉ፣ ርካሽ ነገር ካለ እንዳታልፈኝ» ይላል። ሻጭም ገዥም በአንድ ቀን እጄ ላይ ወደቁ። ለእኛ ሥራ ከዚህ የቀለለ ቀን የለም።

ለእናትየው ያልኳቸው ይሄን ነው፤ «እማማ፣ ዛሬ የሚሰጡዎት ብር የቤቱ ዋጋ አይደለም፣ የፍርሃቱ ዋጋ ነው። የመንገዱን ከዘመድ ይበደሩ፣ ካርታውን ከነፌስታሉ ይዘው ይሂዱ። ቤቱ ቢጎዳ እንኳ ካርታው ካለ ቦታው አለ።» ኅዳር መጨረሻ ከተማችን ከተለቀቀች በኋላ ተመለሱ። የሱቆቹ በር ተገንጥሏል፣ ዕቃው ተወስዷል፤ ግድግዳው ቆሟል። አሁን ተከራይቷል። ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። ያን ቀን የቀረብኝን ኮሚሽን እናትየው በላኩልኝ ሰው ብዛት ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ፤ ሒሳቡን ከፈለጋችሁ ሒሳቡም ያዋጣል።

መሸጥ ያለበት ሰው የለም ማለቴ ግን አይደለም። በሽተኛ ያለበት አለ፣ ልጁ ታግቶበት ብር የተጠየቀ አለ፣ ዕዳ የያዘው አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው «ታገሥ» ማለት ስድብ ነው። እሱን በቅጡ ማገልገል ማለት ሁለት ዋጋ ለይቶ መንገር ነው፤ ገበያው ሲረጋጋ የሚያወጣውን፣ ዛሬ በጥድፊያ የሚያወጣውን። ልዩነቱን አውቆ ከሸጠ ሽያጩ የራሱ ውሳኔ ነው። ሳያውቅ ከሸጠ ግን እኛ ነን የሸጥነው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ጊዜው በከፋ ቁጥር የሚያድነን እሱ ነው።

ውል ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የሚባለውን ነገር እንተው። አምስት ሚሊዮን የተከፈለበትን ቤት ለግብሩ ብላችሁ ሁለት ሚሊዮን ታስጽፋላችሁ። ሻጩ ደስ ይለዋል፣ ገዥውም የስም ማዛወሪያው ስለሚቀንስለት ዝም ይላል። በደህና ጊዜ ማንም አይነቃበትም። ውሉ የፈረሰ ዕለት ግን ዳኛው የሚያየው የተጻፈውን ነው። ሻጩ «የተቀበልኩት ሁለት ሚሊዮን ነው፣ ይኸው ውሉ» ይላል፤ ሦስቱ ሚሊዮን ዋለ አደረ። ውል የሚፈርሰው ደግሞ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ሰው ይጠፋል፣ ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ወራሽ ከሌላ አገር ብቅ ይላል። ገዥው ያን ጊዜ የሚፈልገው ሻጩን አይደለም፣ እኛን ነው። የመንግሥትንም ግብር ማሳነስ መሆኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሱን አላብራራም።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት መመዝገብ አለበት። ቡና ቤት ውስጥ ሦስት ምስክር አስፈርሞ «አለቀ» ማለት አላለቀም። የከተማው ዳር ላይ ከገበሬ በጎን ውል የሚሸጠውንማ አትንኩት፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሌለ ነገር ነው የምታሻሽጡት። የጋራ ንብረት ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ባልየው ብቻውን መጥቶ «እሷ እሺ ብላለች» ካለ፣ እሺታዋን ከራሷ ስሙ።

የውርስ ቤት የወሎ ልዩ ፈተናችን ነው። ሙሐመድና ኃይለማርያም የአንድ አባት ልጆች በሆኑበት አገር፣ አንዱ የወራሽነት ማስረጃውን ከሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ሌላው ከወረዳ ፍርድ ቤት ይዞ ይመጣል። በዓል አብረው ሲበሉ የኖሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ ቤቱ ሲሸጥ ግን ሁለቱ ወረቀቶች ላይ ያሉት ስሞች ላይገጥሙ ይችላሉ። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዓረብ አገር ያለ ወይም ያለች ልጅ የለም?» ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን መልሱ ዝምታ ነው፣ ከዝምታው በኋላ አንድ ስም ይወጣል።

ዓረብ አገር ካልኩ ስለ ልጆቻችን ልናገር። የሁለቱ ከተሞቻችን የቤት ገበያ ትልቁ ምሰሶ ሪያድና ጂዳ፣ ኩዌትና ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን ናቸው። አንዷ አሠሪዋ ከተኛች በኋላ በኢሞ ትደውላለች። «ወንድሜ፣ እስቲ ግድግዳውን አንኳኳልኝ፣ ብሎኬት ነው ጭቃ?» ትላለች። አንኳኳለሁ። «ቧንቧውን ክፈተው፣ ውሃ መኖሩን ልይ።» እከፍታለሁ። «ከጓሮ ቶሳ ይታያል?» ስልኩን አዙሬ የቶሳን ተራራ አሳያታለሁ፣ ዝም ብላ ታያለች። በ2015 መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ያንን ሁሉ በቃል ነበር የምነግራት፤ እሷም በድምፄ አምና ብር ትልክ ነበር። የምታምነው ቤቱን ሳይሆን እኛን ነው። ታዲያ ውሉ በማን ስም እንደሚጻፍ አንድም ቀን ሳንጠይቅ በወንድም ስም፣ በአጎት ስም የተዛወረው ቤት ስንት ነው! ልጅቱ ከስንት ዓመት በኋላ ስትመለስ በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች። ስለዚህ ከኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ትላክ፤ ገዥዋ እሷ መሆኗ ውሉ ላይ በስሟ ይጻፍ፤ ወንድምየው የሚፈርመው እንደ ወኪል ብቻ ይሁን። ወኪል ነኝ ብሎ የሚሸጥም ካጋጠማችሁ «ጉዳዬን ያስፈጽምልኝ» የሚል ውክልና አይበቃም፤ መሸጥ መለወጥ የሚል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወንድምየው ይቆጣል፣ ያኮርፋችኋል። ያኩርፍ።

በነገራችን ላይ ወጣቶች፣ ደሴ ላይ ቤት በበጋ አታሳዩ፤ ካሳያችሁም ለገዥው «ነሐሴ ላይ ተመልሰህ እየው» በሉት። ቶሳ ሥር ያለ ቁልቁለት ላይ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ አፈሩ የት እንደሚንሸራተት የሚያሳየው ክረምቱ ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ትኩስ ቀለም ካያችሁ ባለቤቱን ጠይቁ።

አሁን የመጣሁበትን ሐሳብ ላቅርብ። እኛ የምንበላው ሲሸጥ ብቻ ነው። የተለመደችው ሁለት በመቶ ካልተሸጠ የለችም። አንድ ሰው ቢሸጥ እንደሚጎዳ እያየን፣ ካልሸጠ ደግሞ የእኛ ልጆች እራት የላቸውም። ወሬ የምንሸጠው ክፉዎች ስለሆንን አይደለም፤ የምንከፈልበት መንገድ ወደዚያ ስለሚገፋን ነው። ምክር ብቻውን ይህን አይለውጠውም፤ እኔም ስለ ሐቀኝነት ብቻ ሰብኬ ብወርድ ነገ ሁላችንም ወደዚያው ነን።

ስለዚህ የማጣራት ሥራን ከማሻሻጥ ሥራ ለይተን እናስከፍል እላለሁ። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ዕዳና እገዳ መኖሩን ማየት፣ ካርታውን ከፋይሉ ጋር ማመሳከር፣ ወራሾቹን መቁጠር፣ ጎረቤት ወሰን መጠየቅ፤ ይህ ሁሉ የቀን ሥራ ነው፣ ጫማ ይጨርሳል። አሁን በነፃ ወይም በጭራሽ አንሠራውም። ቁርጥ ያለች አነስተኛ ዋጋ ይውጣላት፤ ቤቱ ተሸጠም አልተሸጠም ትከፈል። ያን ጊዜ «አትግዛ» ወይም «አትሽጪ» ያለ ደላላ ባዶ እጁን አይገባም። ከዚህ ጋር ሁለት ነገር ልጨምር። ቀብድ በማንኛችንም ኪስ አይደር፤ ከማጣራቱ በኋላ ከገዥ ሒሳብ ወደ ሻጭ ሒሳብ በባንክ ይተላለፍ። በጸጥታ ምክንያት ማዘጋጃ ቤት በተዘጋበት ሰሞን ደግሞ ማንም ውል አያዋውል፤ ፋይል በማይታይበት ቀን የሚቸኩል ሻጭ ለምን እንደቸኮለ ቆይቶ ይታወቃል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታን የሚመለከት አዋጅ በ2017 ወጥቷል፤ ሥራችን ከእንግዲህ በጓዳ የሚቀር አይመስለኝም። ሌላ ሰው ደንብ ሳያወጣልን እኛ ብንጀምር ይሻላል።

ሐሳቡን የሚቃወም እንዳለ አውቃለሁ። ትናንት ማታ ደውሎ «የደሴ ሰው ላልተሸጠ ቤት ብር ይከፍላል? ሞኝ መሰለህ?» ያለኝ ወንድሜ ይኸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢያችን ቢፈቅዱልኝ የመጀመሪያው ተናጋሪ እሱ ይሁን፤ መልስ አለኝ፣ ግን አስቀድሞ እንስማው።