ከታጠበ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ። አልትራሶኒክ ማጠቢያን መነጽር ቤት ወይም ወርቅ ቤት አይታችኋት ይሆናል፤ ዝዝ የምትለው ሳጥን። የጠመንጃና የሽጉጥ ክፍሎችም ታጥባለች። ሰው ሁሉ "ብረቱን አትጎዳውም ወይ?" ይላል። በአግባቡ ከተያዘች አትጎዳውም። እኔን የሚያሳስበኝ ከታጠበ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ነው።

ብዙዎቹ ማሽኖች በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣሉ። ውሃው ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ይፈጠራል፣ ወዲያው ይፈነዳል፤ ብሩሽ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የባሩዱን ጥላሸት ፈልቅቆ ያወጣል። ዘይቱንም አብሮ ያወጣዋል። ብረቱ ራቁቱን ቀረ ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጣና ዳር፣ የታጠበ ልብስ እንኳ አልደርቅ ሲል፣ ራቁት ብረትን ለማዛግ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ነጭ ጨርቅ ስታሳልፉበት የላመ በርበሬ የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል።

መጀመሪያ የጥይት ካዝናው ይውጣ፤ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። የእንጨት ሰደፍ፣ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ቀለም የተቀባና ኒኬል የተለበጠ ነገር አይገባም። አሉሚኒየም ከብረት ጋር አይታጠብ። ለማሽኑ የተሠራ ገለልተኛ (አሲድም አልካሊም ያልሆነ) ሳሙና ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡ። ሎሚና ኮምጣጤ የብረቱን ጥቁር ልባስ ይበሉታል፤ በረኪና ያዝገዋል። ቤንዚን በፍጹም! ይቀጣጠላል።

ውሃውን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁ፤ ውሃው ውስጥ ያለው አየር እንዲወጣ ክፍሎቹ ሳይገቡ ማሽኑን 10 ደቂቃ አስነሱት። ክፍሎቹ በወንፊቱ ላይ ይቀመጡ፣ የሳጥኑን ወለል አይንኩ። 5 ደቂቃ፣ ገልብጣችሁ ሌላ 5።

አሁን ሩብ ሰዓቷ ጀመረች። ጓንት አድርጉ፤ የጣት ላብ ጨው ነው። በፈላ ውሃ አለቅልቁት፣ ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ከሆነ ይመረጣል። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይበቃል። ብረቱ ራሱ ስለሚግል ውሃውን ከላዩ ያተናል። የሞላውን (የስፕሪንጉን) ጥምዝና የመምቻውን (ጥይቱን የሚመታውን መርፌ) ቀዳዳ ግን በአየር ንፉት፤ ውሃ የሚደበቀው እዚያ ነው። ሙቀቱ ሳይለቀው ደብሊው ዲ 40 ውስጥ ንከሩት። ሥራው ውሃ ማባረር ነው፤ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ክረምቱን አይዘልቅም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ጠርጋችሁ የመሣሪያ ዘይት በስሱ ቀቡ። መምቻው ጋ ዘይት ከበዛ ጥላሸት ይሰበስብና ያዘገየዋል።

የድሮ ጥይት ለሚተኩሱ፦ የብዙዎቹ መቀጣጠያ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት፤ ሲተኮስ አፈሙዙ ውስጥ እርጥበት የሚስብ ጨው ይተዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፣ ሙቅ ውሃ ነው የሚያሟሟው። ሳይታጠብ ዘይት ብቻ የተቀባ አፈሙዝ ከሥር ይበላል።

በቆዳ አፎትም በፕላስቲክም ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት፤ ሁለቱም እርጥበት ይይዛሉ። በማግስቱ ነጭ ጨርቅ አሳልፉበት። ቡናማ ከያዘ እዚያ ቦታ ዘይት አልደረሰም፤ ዘይት በነካ ጨርቅ አሽታችሁ እንደገና ቀቡት።