ኅዋ ሲያሳብቅ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ!

ጣታችሁ ላይ የወርቅ ቀለበት ካለ እስቲ አንዴ እዩት። ኋላ እመለስበታለሁ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ያለ አንድ መሣሪያ ነዘረ። ከ7 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ዋሽንግተን ግዛት ያለው መንትያው ተከተለ። ነገሩ በ0.2 ሰከንድ ገደማ አለቀ። ንዝረቱ ግን መንገድ ላይ 1.3 ቢሊዮን ዓመት ያህል ቆይቶ ነው የደረሰው።

ምን ነበር? ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች፣ ማለትም ስበታቸው ብርሃንን እንኳ የማያስወጣ የሰማይ አካላት፣ አንዱ ሌላውን ሲዞሩ ከርመው ተጋጭተው አንድ ሆኑ። አንዱ የፀሐይን 36 እጥፍ፣ ሌላው 29 እጥፍ ገደማ ይመዝኑ ነበር። ስትደምሩት 65 ነው። የተገኘው ግን 62። 3 ፀሐይ የሚያህለው የት ገባ? ጉልበት ሆኖ ኅዋን ራሱን እያናወጠ ወጣ። የስበት ሞገድ የሚባለው ይኸው ነው። አንስታይን በ1916 በስሌት ደርሶበት ነበር። የሚገርመው፣ ከ20 ዓመት በኋላ ራሱ ተጠራጠረው።

ጥቁር ጉድጓድ ብርሃን አይለቅም። ሁለቱ በጨለማ ቢላተሙ ቴሌስኮፕ ምንም ላያይ ይችላል። ኅዋ ግን ያሳብቅባቸዋል።

መሣሪያው ላይጎ ይባላል። እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ቧንቧዎች፣ አየር የሌለባቸው፣ ውስጣቸው ሌዘር ይመላለሳል። ጫፋቸው ላይ 40 ኪሎ የሚመዝን መስታወት በቀጫጭን የብርጭቆ ክር ተንጠልጥሏል። ሞገዱ ሲያልፍ አንዱ ክንድ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። በስንት? በዚያን ዕለት ልዩነቱ ከአንድ ፕሮቶን፣ ማለትም በአተም እምብርት ካለ ቅንጣት፣ ስፋት በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ አየዋለሁ። እንዲህ ያለ መሣሪያ መኪና ሲያልፍም ይረበሻል። ሁለት የተሠራው ለዚህ ነው፤ ያው አንድ መኪና በአንድ ጊዜ ሉዊዚያናም ዋሽንግተንም ሊያልፍ አይችልም።

ወደ ቀለበቱ ልመለስ። ኦገስት 17 ቀን 2017 ሌላ ሞገድ መጣ። የአሁኑ የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት ነበር። ኒውትሮን ኮከብ ማለት ከፀሐይ የሚከብድ ቁስ ከተማ በሚያክል ኳስ ውስጥ ታጭቆ ነው። 1.7 ሰከንድ ቆይቶ የጋማ ጨረር፣ ማለትም ዓይን የማያየው ኃይለኛ ብርሃን፣ ደረሰ። ልብ በሉ፤ ሞገዱና ብርሃኑ 130 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዘው ሁለት ሰከንድ እንኳ አልተራራቁም! ሁለቱ እኩል እንደሚፈጥኑ ከዚህ የተሻለ ምን ማስረጃ ይኖራል?

ቴሌስኮፖች ሁሉ ወደዚያው ዞሩ። ፍርስራሹ ሲደበዝዝ ብርሃኑን መረመሩት። ከባድ ንጥረ ነገሮች እዚያው እየተሠሩ ነበር። ወርቅም የሚወለደው በእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው።

እንግዲህ ያ ቀለበት፣ ፀሐያችን ሳትወለድ የተላተሙ የሁለት ኮከቦች ስባሪ ሊሆን ይችላል።

አመሰግናለሁ።