ስክሪኑ ላይ ያለው 90 ዲግሪ መቼ ተለካ?

የተከበራችሁ የጥገና ባለሙያዎች፣ የምርት ክፍል ኃላፊዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ እዚህ ኮምቦልቻ የምንነጋገርበት ጉዳይ ጠባብ ነው። ፓናል ላይ የተደረደሩትን የሙቀት መቆጣጠሪያዎች፣ በልማድ ኮንትሮለር የምንላቸውን፣ በኮሙኒኬሽን ሰርቨር፣ ማለትም ከመሣሪያዎቹ ቁጥር ጠይቆ በሚያቀብል ፕሮግራም፣ በኩል ከክትትል ሶፍትዌር ጋር ስለማገናኘት ነው። መሣሪያው የጨርቅ ማቅለሚያ ላይ ቢሆን፣ ቦይለር ላይ ቢሆን፣ ዳቦ መጋገሪያ ላይ ቢሆን ሥራው ያው ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ስክሪን ላይ 90.0 የሚል ቁጥር ሲታይ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። ወይ አሁን የተለካ ሙቀት ነው፣ ወይ ገመዱ ከመበጠሱ በፊት የመጣ የመጨረሻ መልስ ነው። ለዓይን ልዩነት የላቸውም። ስክሪኑ ባዶ ቢሆን ኦፕሬተሩ ከወንበሩ ይነሳል፤ የቆመ 90.0 ግን እንደ ወንዝ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሽቦም እንናገር ስለ ሶፍትዌር፣ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ይህ ቁጥር በሕይወት አለ ወይ?

ከሴንሰሩ እንጀምር፤ ሰርቨሩ የሴንሰሩን ስህተት አያርምም፣ ያሰራጨዋል እንጂ። በኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ከሁለት የተለያዩ ብረቶች በተሠራ የሙቀት ሴንሰር) ላይ ተራ የመዳብ ሽቦ ቀጥሎ እስከ ፓናል መጎተት የተለመደ ጥፋት ነው። የሴንሰሩ ራስ ቦይለሩ አጠገብ 60 ዲግሪ ቢሞቅና ፓናሉ ውስጥ 30 ዲግሪ ቢሆን፣ ኮንትሮለሩ 30 ዲግሪ ያህል አሳንሶ ያነባል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ስህተቱ ያንሳል፣ ከሰዓት ይጨምራል፣ ሰውም «ማሽኑ ጠባይ አለው» ይላል። መፍትሔው ለኬ የተሠራውን ማካካሻ ገመድ መጠቀም ነው። ቀለሙንም ማየት ያስፈልጋል፦ በአሜሪካ ደረጃ በተሠራ ገመድ ቀዩ ኔጌቲቭ ነው። ቀይ ባየ ቁጥር ፖዘቲቭ ላይ የሚያስር እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሴንሰሩ ፒቲ 100፣ ማለትም ሙቀትን በኦም ለውጥ የሚለካው ዓይነት፣ ከሆነ ደግሞ ሦስቱንም ሽቦ እሰሩ። በሁለት ሽቦ ሲታሰር ከገመዱ የሚመጣ እያንዳንዱ 0.385 ኦም አንድ ዲግሪ ይጨምርባችኋል።

ከዚሁ ሳንወጣ ስለ አገራችን ከፍታም እናንሳ። ሴንሰርን በፈላ ውሃ መፈተሽ ቀላል ዘዴ ነው፤ ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ 92 ገደማ ይሆናል። ይህን ሳያስተውል «100 ማንበብ ነበረበት» ብሎ በኮንትሮለሩ ውስጥ 6 ዲግሪ ማስተካከያ የሚያስገባ ሰው ደህናውን መሣሪያ አበላሸ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ፣ ስክሪኑና መዝገቡ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይዋሻሉ። በተፈጨ በረዶና በውሃ ድብልቅ ብትፈትሹ ይሻላል፤ ዜሮው ደሴም ኮምቦልቻም ያው ዜሮ ነው።

አሁን ወደ መገናኛው ገመድ። አብዛኞቹ ኮንትሮለሮች አርኤስ-485 በሚባለው የሁለት ሽቦ መስመር ላይ ሞድባስ የተባለውን ቋንቋ ይናገራሉ። ሞድባስ 1979 ላይ የወጣ ነው፤ ያረጀ ነው ተብሎ ግን አይናቅም፣ ዛሬም ፓናሉ ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው። መስመሩ እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል፣ ተጨማሪ ማጠናከሪያ ሳይገባበትም በመደበኛው ስሌት 32 መሣሪያ ይሸከማል። የተጠማዘዘ ጥንድ ገመድ ይሁን፤ ከአንዱ ኮንትሮለር ወደ ቀጣዩ በሰልፍ ይለፍ እንጂ ከአንድ ቦታ ወደ ሁሉም እንደ ኮከብ አይበተን። በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ 120 ኦም ሬዚስተር ይታሰራል።

ይህን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፓናሉን አጥፉ፣ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉ፣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ለኩ። 60 ኦም ገደማ ካነበበ ሁለቱም ጫፍ ደህና ነው። 120 ካነበበ አንዱ ጫፍ ሬዚስተር የለውም ወይም ገመዱ መሀል ላይ ተበጥሷል። 40 ካነበበ ሰው ሦስተኛ ሬዚስተር ጨምሯል፤ ብዙ ጊዜ ይህ የሚገኘው ከውጭ ሳይታይ መስመሩን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው ኮንቨርተር ውስጥ በስዊች የሚከፈት ሬዚስተር ስላለ ነው። ሁለት ደቂቃ የማትሞላ መለካት ናት፤ ሁለት ቀን ሶፍትዌር ከመነካካት ታድናለች።

በሁለቱ ሽቦዎች ማሰሪያ ላይ የተጻፉትን ኤ እና ቢ የሚሉትን ፊደላት ደግሞ አትመኑ። አንዱ አምራች ኤ የሚለውን ሌላው ቢ ይለዋል። ሁሉ ነገር ትክክል ሆኖ መልስ ካልመጣ ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጡ፤ በመገላበጥ የሚቃጠል ነገር የለም። ሺልዱን፣ ማለትም የገመዱን መከላከያ ሽፋን፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት ጋር እሰሩ። ከሞተር ኢንቨርተር የሚወጣውን ገመድ ራቁት፤ መገናኘታቸው የግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይተላለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። ቀን ሞተሩ ሲዞር እየተቆራረጠ፣ በምሳ ሰዓት ሞተሩ ሲቆም ደህና የሚሆን መስመር ሕመሙን ራሱ ነግሯችኋል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ለሚሻገር መስመር በክረምት መብረቅ ምክንያት ኤሌክትሪካዊ መለያ ያለው ኮንቨርተር አስገቡ።

የሴቲንጉ ነገር አጭር ነው። እያንዳንዱ ኮንትሮለር ከ1 እስከ 247 ባለው ውስጥ የራሱ አድራሻ ይኑረው፤ ቦድ ሬቱ (የመላኪያ ፍጥነቱ)፣ ፓሪቲውና ስቶፕ ቢቱ (የስህተት መፈተሻና የማብቂያ ምልክቶቹ) በመስመሩ ሁሉ አንድ ይሁን። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀመጠውን ሴቲንግ ግን አንብቡ። ለምሳሌ የዴልታ ዲቲቢ ኮንትሮለር ሲመጣ ከሞድባስ ሁለት የአላላክ ዘዴዎች አንዱ በሆነው በአስኪ አሠራር፣ በ9600፣ በ7 ቢትና በኢቨን ፓሪቲ ተቀምጦ ነው። ሰርቨሩ በሌላው፣ በአርቲዩ አሠራርና በ8 ቢት እየጠየቀው ከሆነ ዝም ይላል። ዝምታውን የገመድ ችግር አስመስሎ ስንቱን ሰው ገመድ አስቀይሯል!

አንድ ጥያቄና አንድ መልስ በቅርብ እንያቸው። ሰርቨሩ ለአድራሻ 1 ዲቲቢ ኮንትሮለር የሚልከው እንዲህ ነው፦ 01 03 10 00 00 01፣ ቀጥሎ ሁለት የማረጋገጫ ባይቶች። 01 የመሣሪያው አድራሻ፣ 03 «ሬጅስተር አንብብልኝ» የሚል ትእዛዝ፣ 10 00 የሬጅስተሩ (ኮንትሮለሩ ዋጋ የሚያስቀምጥበት ቦታ) ቁጥር፣ 00 01 ደግሞ «አንድ ብቻ» ማለት ነው። መልሱ 01 03 02 03 84 እና ሁለት የማረጋገጫ ባይት ሆኖ ይመጣል። 02 «ሁለት ባይት እነሆ» ይላል። 03 84 በሄክሳዴሲማል (በ16 በሚቆጠር አጻጻፍ) ነው፤ ወደ ተራ ቁጥር ሲለወጥ 900 ይሆናል። ኮንትሮለሩ የሚልከው በዲግሪ አንድ አሥረኛ ስለሆነ በ10 ስናካፍለው 90.0 ዲግሪ ነው። ስክሪናችሁ 900 ዲግሪ ካሳየ እንግዲህ ምድጃው አልጋየም፤ ማካፈያው ተረስቶ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሰናከልባት ደፍ የሬጅስተሩ ቁጥር ናት። የኮንትሮለሩ መጽሐፍ 1000 ሲል በሄክሳዴሲማል ነው፤ በተራ ቁጥር 4096 ነው። ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ ቆጠራቸውን ከዜሮ ሳይሆን ከአንድ ይጀምራሉ፣ ከፊቱም 4 ያስቀድማሉ። ስለዚህ እዚያ የሚጻፈው 44097 ወይም በስድስት አሃዝ 404097 ይሆናል። በአንድ ብትሳሳቱ ስህተት የሚል መልእክት ላይመጣ ይችላል፤ የጎረቤቱን ሬጅስተር ታነባላችሁ። በዲቲቢ ላይ ከሙቀቱ ቀጥሎ ያለው ሬጅስተር ሴት ፖይንቱ (እንዲደረስበት የታዘዘው ሙቀት) ነው። ማሽኑ ሠርቶ ሲረጋጋ ደግሞ ሙቀቱና ሴት ፖይንቱ እኩል ናቸው፣ ስለዚህ በርክክብ ቀን ሁሉም ያማረ ይመስላል። ፈተናውን ማሽኑ ገና እየሞቀ ሳለ አድርጉት።

እዚሁ ላይ የሞተ ቁጥር የመጀመሪያ መልኩን ያሳያል። የዲቲቢ ሴንሰር ሲነቀል ኮንትሮለሩ በሙቀቱ ቦታ 8003 በሄክሳዴሲማል ይልካል። ሰርቨሩ ይህ የስህተት ኮድ መሆኑን አያውቅም፤ በ10 አካፍሎ ወይ 3277.1 ወይ ከዜሮ በታች 3276.5 ዲግሪ ያሳያል። ይህን በስክሪን ላይ ስታዩት ትስቃላችሁ፤ የፈረቃውን አማካይ ሙቀት የሚያሰላው ሪፖርት ግን አይስቅም፣ ደምሮ ያካፍለዋል። በሰርቨሩ ወይም በክትትል ሶፍትዌሩ ላይ ገደብ አስቀምጡና ከሴንሰሩ ክልል የወጣውን ዋጋ «ሴንሰር የለም» አስብሉት።

ሁለተኛው መልክ የመስመር ዝምታ ነው። በ9600 ፍጥነት አንዱ ጥያቄ ከነመልሱ፣ የኮንትሮለሩን ማሰቢያ ጊዜ ጨምሮ፣ 60 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል እንበል። 24 ኮንትሮለር ያለበት መስመር እንግዲህ በአንድ ሰከንድ ተኩል ይዞራል፤ ለሙቀት ይህ ከበቂ በላይ ነው። አሁን አንዱ ኮንትሮለር ይጥፋ። ሰርቨሩ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልስ ሲያጣ ይደግማል፣ ይሰልሳል። በአንድ ዙር ሦስት ሰከንድ የሚበላው የማይናገረው ነው። አራት ማሽን ለጥገና ቢቆም ደህናዎቹ 20 ኮንትሮለሮች በየ13 ሰከንዱ ገደማ ይነበባሉ፣ ጥፋቱም በእነሱ ላይ ይለጠፋል። ጥሩ ሰርቨር የማይመልሰውን መሣሪያ ለጊዜው ከወረፋ የሚያወጣ ሴቲንግ አለው፤ ክፈቱት። የመጠበቂያውን ጊዜም ወደ 200 ወይም 300 ሚሊሰከንድ አውርዱት። የቡና ተራ የሚጠብቁ ጎረቤቶች እንኳ የቀረውን ሰው በየሲኒው አይጠብቁትም።

በኦፒሲ፣ ማለትም ሰርቨሩና የክትትል ሶፍትዌሩ በሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ፣ የሚመጣ ዋጋ ብቻውን አይመጣም። ከቁጥሩ ጋር የጥራት ምልክትና የተለካበት ሰዓት አብረው ይመጣሉ። በቀድሞው ኦፒሲ 192 «ደህና» ነው፣ 0 «መጥፎ» ነው፣ 64 «አጠራጣሪ»። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሰርቨሩ ምልክቱን ወደ መጥፎ ይቀይራል፤ ስክሪኑን የሠራው ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ አሥሮ ምልክቱን ስለተወው 90.0 እንደቆመ ይቀራል። ሶፍትዌር ገዝቶ ይህን አለማሠር ሰዓት ገዝቶ ባትሪ አለማስገባት ነው። ምልክቱ 192 ካልሆነ ቁጥሩ ይጥፋ፣ ቦታውም ሌላ ቀለም ይያዝ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ እኛ ዘንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። አዲሱ ኦፒሲ፣ ኦፒሲ ዩኤ የሚባለው፣ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፤ እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የሌሊቱ ፈረቃ ሠራተኛ በመዝገቡ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ 2:00 ይላል፣ ዳታቤዙ ደግሞ የትናንትን 23:00። አንድ ክስተት ሦስት ሰዓትና ሁለት ቀን ያዘ። በስክሪኑም በሪፖርቱም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በአማርኛ ጻፉበት።

የቀድሞው ኦፒሲ 1996 ላይ የወጣና በዊንዶውስ ዲኮም (ፕሮግራሞች በኔትወርክ በሚነጋገሩበት ዘዴ) ላይ የቆመ ነው። ሰርቨሩና ስክሪኑ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ ብዙ አያስቸግርም። በሁለት ኮምፒውተር ከሆኑ ግን ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2023 በዲኮም ላይ ያጠበቀው ጥበቃ ትናንት ይሠራ የነበረውን ዛሬ ሊያቆመው ይችላል። ለአዲስ ሥራ ዩኤን ምረጡ፤ በፖርት 4840 ይሄዳል፣ ሁለቱ ወገኖች ሰርተፍኬት (ዲጂታል መታወቂያ) ተቀያይረው ይተዋወቃሉ። መብራት ደጋግሞ ሲጠፋና የኮምፒውተሩ የውስጥ ባትሪ ሲደክም ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያኔ ሰርተፍኬቱ «ገና አልጸናም» ይባልና ግንኙነቱ እምቢ ይላል። ከሰርቨሩ በፊት ቀኑን እዩ።

ሴት ፖይንትን ከኮምፒውተር ስለመጻፍ ጥቂት እንበል። ብዙ ኮንትሮለሮች የተጻፈውን ሁሉ በማይጠፋ ማኅደረ ትውስታ ያስቀምጣሉ፣ ይህም በመጻፍ ብዛት ያልቃል። 100,000 ጊዜ የሚችል ቢሆንና ሶፍትዌሩ በየሰከንዱ ቢጽፍበት በቀን 86,400 ጊዜ ይጻፋል፤ ከአንድ ቀን ትንሽ ብቻ ይተርፋል። የማቅለሚያ ሙቀት በደቂቃ 1 ወይም 2 ዲግሪ እንዲወጣ ከተፈለገ የኮንትሮለሩን የራሱን ፕሮግራም ተጠቀሙ፣ ሶፍትዌሩ ማስጀመሪያውን ብቻ ይስጥ። ከፍተኛ ሙቀት ሲመጣ የሚቆርጠው መከላከያ ደግሞ በሽቦ እንደታሰረ ይቆይ፤ በኔትወርክ አይለፍ።

ርክክቡን በዚህ መልክ አድርጉት። ማሽኑ እየሞቀ ሳለ፣ ኦፕሬተሩ ስክሪኑ ፊት ቆሞ፣ አንድ ሰው ፓናሉ ጋ ይሁን። የአንደኛውን ኮንትሮለር ሴንሰር ይንቀል፤ ስክሪኑ «ሴንሰር የለም» ይበል። ይመልሰው። የመገናኛ ገመዱን ይንቀል፤ ቁጥሩ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ይጥፋ። ይመልሰው፣ ማንም ምንም ሳይነካ ቁጥሩ ተመልሶ ይምጣ። የኮንትሮለሩን ኃይል ያጥፋ፣ ሌሎቹ መዘግየት አለመዘግየታቸውን በሰዓት ይለካ። ከዚያ የሰርቨሩን ኮምፒውተር ሶኬት ይንቀልና መልሶ ይሰካ፤ ያለ ሰው እርዳታ ራሱ ተነስቶ ማንበብ ይጀምር። ይህን በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ እስከ 24ኛው ድረስ ይድገም። አንዱም ሳይዘለል ካለፈ ፈርሙ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ማሳያ ፓናሉ እዚህ ክፍት ነው፣ መልቲሜትሩም ጠረጴዛው ላይ አለ።