ጥለው ያልሄዱት ካህን፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ከሌላ ስቴት ሌሊቱን ነድታችሁ የደረሳችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሁላችንም ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። በየዓመቱ በዚህ መድረክ የአባቶቻችንን ጀግንነት እናነሳለን። ሲያንሳቸው ነው። ዘንድሮ ግን ጠመንጃ ስላልያዙ አንድ የኮሪያ ዘማች ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ኢትዮጵያዊ አይደሉም። አሜሪካዊ ካቶሊክ ካህን ናቸው፤ አባ ኤሚል ካፓውን ይባላሉ። ለጉባኤው የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ፤ የሐሳቡ መነሻ እሳቸው ናቸው።

ዘመኑን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አባ ካፓውን በ1916 ካንሳስ ውስጥ ፒልሰን በምትባል የገበሬ መንደር ተወለዱ። ያደጉት እርሻ ላይ ነው። የተሰበረ መጠገን፣ ከምንም ነገር ዕቃ መሥራት የለመደ እጅ ነበራቸው። በ1940 ቅስና ተቀበሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በበርማና በሕንድ የጦር ካህን ሆነው አገለገሉ። ተመልሰው ማስተርሳቸውን ያዙ። አገራቸው ላይ ተረጋግተው መኖር ሲችሉ በ1948 እንደገና ሠራዊቱን ተቀላቀሉ። በጁላይ 1950 ከ1ኛ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ጋር ኮሪያ ገቡ።

ካህን ከጦር ጋር መዝመቱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አድዋ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ነበር። አቡነ ማቴዎስም ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ዘምተዋል። የአሜሪካ የጦር ካህንም መሣሪያ አይታጠቅም። አባ ካፓውን የጂፕ ኮፈን ላይ ጨርቅ አንጥፈው ይቀድሱ ነበር። ጂፑ ከእጃቸው ሲወጣ በብስክሌት ግንባር ለግንባር ይዞሩ ጀመር። አንድ ቀን ጥይት የሚያጨሱባትን ፒፓ ከአፋቸው ላይ መታት። እሳቸው ግን ከቁስለኛ አጠገብ አልራቁም።

ከዚያ በሰሜን ኮሪያ የኡንሳን ውጊያ መጣ። ኖቬምበር 1 ለ2 አጥቢያ 1950 የቻይና ጦር በሌሊት ከበባቸው። መውጣት የሚችል ሁሉ እንዲወጣ ተባለ። አባ ካፓውን መውጣት ይችሉ ነበር። መራመድ ከማይችሉት ቁስለኞች ጋር ቀሩ። ማንም አስገድዷቸው አይደለም፤ አውቀው ነው የቀሩት። ሲማረኩ ኸርበርት ሚለር የሚባል ሳጅን ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ መንገድ ዳር ወድቋል። አንድ የቻይና ወታደር ጠመንጃውን ራሱ ላይ ደግኗል። አባ ካፓውን ቀጥ ብለው ሄዱና አፈሙዙን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ሚለርን አነሱትና ተሸክመውት ሄዱ። ወታደሩ አልተኮሰም። ሚለር ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ኖሯል።

ጀግንነታቸው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ አላነሳቸውም ነበር። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፒዮክቶንግ የሚባል የምርኮኞች ካምፕ ገቡ። ብርዱን እናንተም ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። የእኔም አባት ስለ ኮሪያ ሲጠየቅ ስለ ብርዱ ብቻ ነበር የሚያወራው፤ ሌላውን በሆዱ ያዘው። በዚያ ብርድ ላይ ምግባቸው አንድ ጭብጥ ማሽላ ወይም የተከካ በቆሎ ነው። ያ የመጀመሪያው ክረምት ብዙ ሰው ፈጀ።

አባ ካፓውን ከጣሪያ ላይ ቆርቆሮ አንስተው በድንጋይ እየቀጠቀጡ ድስት ሠሩ። ሁሉም ሳይነሳ ማለዳ ተነስተው እሳት ያያይዛሉ፤ በረዶ ያቀልጣሉ። ውሃው ሲፈላ «ቡና ደረሰ» እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ። ቡና የለም፤ የፈላ ውሃ ነው። ግን ተቅማጥ ሰው እየጨረሰ ባለበት ቦታ የፈላ ውሃ ማለት አንድ ቀን ተጨማሪ ዕድሜ ማለት ነው። ተቅማጥ ያበላሸውን የበሽተኞች ልብስ በእጃቸው ያጥባሉ። የራሱን ቅማል መልቀም ላቃተው ቁጭ ብለው ይለቅሙለታል። ማታ እየተሳቡ ወጥተው ከጠባቂዎቹ መጋዘን እህል ይሰርቃሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወደ ፈያታዊ ዘየማን ይጸልዩ ነበር፤ ከጌታ ቀኝ ተሰቅሎ «በመንግሥትህ አስበኝ» ያለው፣ እኛም በስቅለት የምናስበው። ካህን ሰረቀ ሲባል የሚከብደው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔን አልከበደኝም። ያመጡትን አካፍለው የራሳቸውን ድርሻ እንኳ ለሌላ ይሰጡ ነበር።

በ1951 የካቶሊኮች ፋሲካ የዋለው ማርች 25 ነው። ጠባቂዎቹ ጸሎት አይወዱም። እሳቸው ግን በንጋት ሰዉን ሰብስበው የጌታን ሕማም ነገሩት። ለቅዳሴ የሚሆን ኅብስትም ወይንም የለም። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አብሮ ዘመረ። ብዙም ሳይቆይ እግራቸው ውስጥ ደም ረጋ፤ ሳንባ ምችም ያዛቸው። ጠባቂዎቹ ምርኮኞቹ «የሞት ቤት» ወደሚሉት ክፍል ወሰዷቸው። ወንዶቹ እያለቀሱ ሸኟቸው። እሳቸው ነበሩ የሚያጽናኑት። ሜይ 23፣ 1951 አረፉ። ዕድሜያቸው 35 ነበር።

ከሞቱ በኋላ ጄራልድ ፊንክ የሚባል አይሁዳዊ አብራሪ እዚያው ካምፕ ደረሰ። በአካል አላያቸውም። የሰማው ብቻ በቃው፤ ከማገዶ እንጨት ትልቅ ስቅለት ጠረበላቸው፤ የእሾህ አክሊሉን በሽቦ ሠራ። በ1953 ሲፈቱ ይዘውት ወጡ። ዛሬ ዊቺታ ውስጥ በስማቸው በተሰየመ ትምህርት ቤት ይገኛል።

አሜሪካ ከፍተኛውን የጀግና ሜዳሊያ የሰጠቻቸው በኤፕሪል 2013 ነው። ከ60 ዓመት በላይ ዘገየ። አብረዋቸው የታሰሩት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲመሰክሩና ሲጎተጉቱ ኖረው፣ ብዙዎቹ ቀኑን ሳያዩ አልፈዋል። አጽማቸውም ሃዋይ ውስጥ ስማቸው ካልታወቀ ወታደሮች መካከል ቆይቶ በ2021 ተለይቷል። አሁን በዊቺታ ካቴድራል አርፈዋል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አባ ካፓውን ያረፉት አባቶቻችን የኮሪያዋ ወደብ ፑሳን በደረሱበት በዚያው ሜይ ወር ነው። አልተገናኙም። ግን ቃኘው በምን እንደሚታወቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከ120 በላይ ሰው ሞቶብናል፤ አንድ ምርኮኛ ግን አልሰጠንም። ቁስለኛ ጥሎ መምጣት በቃኘው ዘንድ ነውር ነበር። ሬሳ እንኳ አይተውም ነበር።

በእኛ አቆጣጠር ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የኮሪያ ዘማችነት መኩሪያ መሆኑ ቀርቶ መሸማቀቂያ ሆነባቸው። ብዙዎቹ ሜዳሊያቸውን ደብቀው ኖሩ። ያኔ የጣላቸው መንግሥት ነበር። ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ዘጠናን አልፈዋል። አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ እዚሁ ከኛ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ብቻቸውን አሉ። በዓመት አንዴ ሱፍ አልብሰን ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጣቸዋለን። እናጨበጭባለን። ከዚያ ወደ ቤታቸው እንመልሳቸዋለን። ይህ ነገር እኔን አላስተኛኝም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። የዘንድሮን የራት ግብዣ እንተወው። ገንዘቡ አዲስ አበባ ላሉት መድኃኒትና አስታማሚ ይሁን። እዚህ ላሉት ደግሞ ሁለት ሁለት ሰው ይመደብ። ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ የሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ የአረጋውያን ጤና መድን፣ ወረቀት የሚሞላ፣ ኪኒናቸውን በየቀኑ ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ ጥፍራቸውን የሚቆርጥ። ከመካከላችን ነርሶች አላችሁ፤ እናንተን በተለይ እፈልጋችኋለሁ። ፎቶ አንነሳም። ፌስቡክ ላይ አንለጥፍም። ካህን የሆናችሁ አባቶቻችን ደግሞ ቁርባን ናፍቋቸው ከቤት መውጣት ያልቻሉ እንዳሉ አውቃችሁ በየቤታቸው እንድትደርሱላቸው እግራችሁ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ሐሳቡ ከሻይ ዕረፍት በፊት ለድምፅ ይቀርባል። መቃወም የሚፈልግ በነፃነት ይቃወም፤ የራት ግብዣው የሚጠቅምበት ምክንያት ካለ መስማት እፈልጋለሁ። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስልክ ቁጥራችሁንና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉበት። ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን የዓመቱን ሪፖርት እንዲያቀርቡ እጋብዛለሁ።